የክበባችሁን ዌብሳይት ከአንድ ሰው እጅ አውጡት

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው። የጠየቀችኝ ባሕር ዳር የምትማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ጊቢያቸው ውስጥ የጣናን ጉዳይ የያዘ ክበብ አላቸው። እምቦጭ ነቀላ ይወጣሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ በዓመት አንዴ በጀልባ ዘጌ ይሄዳሉ። ዌብሳይትም አላቸው። ኮዱ ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበትና በጋራ የሚሠራበት ድረ ገጽ) ላይ ነው፣ ግን አምና በተመረቀ ልጅ የግል አካውንት ስር። አሁን የሚሠሩት 9 ልጆች ናቸው። ሥራ የሚከፋፈሉት ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው፤ አንዱን ሥራ ሁለት ሰው ይሠራዋል፣ ሌላውን ማንም አይነካውም። «ሪፖው ላይ ሥራውን እንዴት እናደራጅ? ሆስቲንግስ አዋጥተን እንግዛ ወይስ ነፃው ይበቃናል?» ነው ጥያቄዋ። ሪፖ ማለት የአንድ ሥራ ኮድ ከነታሪኩ የሚቀመጥበት ማህደር ነው፤ ሆስቲንግ ደግሞ ዌብሳይቱ ኢንተርኔት ላይ እንዲታይ የሚቀመጥበት ቦታ።

እህቴ፣ ሁለቱንም እመልሳለሁ። ከሁለቱም የሚቀድም ግን አለ፤ አንቺ በአንድ መስመር ነክተሽው ያለፍሽው። ኮዱ የተመረቀ ልጅ አካውንት ላይ ነው ብለሻል። ይቺ ሳትፈታ ስለ ሥራ ክፍፍልም ስለ ሆስቲንግም ብናወራ በሰው ግቢ ቤት እንደመሥራት ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ የአንድ ክበብ ዌብሳይት እሠራ ነበር። ዶሜይኑን (የዌብሳይቱን አድራሻ) በስሙ የገዛልን ልጅ በሰኔ ተመርቆ ሄደ። የእድሳት ማሳሰቢያው የሚመጣው በእሱ የድሮ ኢሜይል ነበር፤ እሱ ደግሞ ያንን ኢሜይል መክፈት ከተወ ቆይቷል። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ገጻችንን ስንከፍት የማናውቀው ማስታወቂያ ወጣብን። ስልኩን ቀይሮ ነበርና እስክናገኘው ሳምንታት ሄዱ። ኮዱን ከአንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ግማሹን ብቻ አገኘን፤ የሦስት ዓመት ፎቶ አብሮ ጠፋ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ሥራ ይዞ ሌላ ከተማ ኑሮ ጀምሯል፣ በቃ። እኛ ነበርን ከመሄዱ በፊት ቁጭ ብለን ርክክብ ማድረግ የነበረብን። እስከ ዛሬ ስለዚያ ፎቶ ሳስብ ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው አሁንም ተማሪዎች ሲጠይቁኝ መጀመሪያ «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» የምለው።

ስለዚህ መጀመሪያ በክበቡ ስም ጊትሀብ ላይ ኦርጋናይዜሽን ክፈቱ። ነፃ ነው። ክፍት ለሆነ ሪፖ የአባል ቁጥር ገደብም የለውም። በክበቡ ስም አንድ አካውንት ከፍተን የይለፍ ቃሉን ለ9 ሰው እንስጥ የሚል ሐሳብ ከመጣ እምቢ በሉ። የጊትሀብ ደንብ አንድ መግቢያ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ይላል። ደግሞም ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም፤ አንዱ የይለፍ ቃሉን ሲቀይር ስምንቱ ውጭ ይቀራሉ። እያንዳንዱ በራሱ አካውንት ይግባ፣ ኦርጋናይዜሽኑ ደግሞ የጋራ ቤት ይሁን። ባለቤት የሚባለውን ሥልጣን ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዘው። እኔ ሦስት ብታደርጉት እመርጣለሁ፤ አንድ ከጂሲ (ከተመራቂዎቹ)፣ አንድ ከታች ክፍል፣ ሦስተኛው የክበቡ አማካሪ መምህር። መምህሩ ኮድ ማወቅ አይጠበቅባቸውም። እሳቸው የሚፈለጉት በየዓመቱ ስለማይመረቁ ነው።

ከዚያ ሪፖውን ማዛወር ነው። የተመረቀውን ልጅ ወደ ኦርጋናይዜሽኑ ጋብዙት፣ ሪፖ የመፍጠር ፈቃድም ስጡት። ከዚህ በኋላ እሱ በሪፖው ሴቲንግስ ውስጥ ታች ድረስ ወርዶ፣ በቀይ የተከበበው ክፍል ውስጥ «ትራንስፈር» የሚለውን ይጫናል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ኢሹዎቹም (እያንዳንዱ ሥራ የሚጻፍባቸው ገጾች) ታሪኩም አብረው ይመጣሉ፤ የድሮው የሪፖ ሊንክም ወደ አዲሱ ይመራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በጊትሀብ ፔጅስ (በጊትሀብ ነፃ ሆስቲንግ) የሚታየው ዌብሳይት አድራሻ አይመራም። በልጁ ስም የነበረው አድራሻ ይሞታል፣ አዲሱ በኦርጋናይዜሽኑ ስም ይሆናል። ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

ልጁ ከጠፋስ? ያኔም አትደንግጡ። ጊት፣ ማለትም ጊትሀብ የቆመበት የኮዱን ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም፣ ሲሠራ ሪፖውን ክሎን ያደረገ (ወደ ኮምፒውተሩ የገለበጠ) ሰው ሁሉ ሙሉ ታሪኩን ይዞታል። ከ9ኙ አንዳችሁ ላፕቶፕ ላይ የቅርብ ቅጂ ካለ ከዚያ ወደ አዲሱ ሪፖ ፑሽ ማድረግ (መላክ) ይቻላል። የሚቀረው ኢሹዎቹ ናቸው፤ እነሱ ጊትሀብ ላይ እንጂ ጊት ውስጥ የሉም። ሥራችሁ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ስለነበር ደግሞ እናንተ ብዙም አታጡም።

አሁን ወደ ሥራ ክፍፍሉ። ቴሌግራም ግሩፕ ለወሬ ጥሩ ነው። ለሥራ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማክሰኞ ማታ «ጋለሪው በጣም ይዘገያል፣ አንድ ሰው ያስተካክለው» ተብሎ ይጻፋል። አራት ሰው አውራ ጣት ያደርጋል። ከዚያ የሻይ ፕሮግራም ወሬ ይመጣል፣ የሚድ ውጤት ወሬ ይመጣል፣ መልእክቱ ወደ ላይ ተገፍቶ ይረሳል። ሐሙስ ሁለት ልጆች ሳይነጋገሩ ጋለሪውን ይከፍታሉ። «አንድ ሰው» የተባለው ማን እንደሆነ አልተነገረማ።

ደንቡ አንድ ይሁን። ኢሹ ያልተከፈተለት ሥራ ሥራ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ሐሳብ ሲመጣ፣ ያመጣው ሰው ራሱ ኢሹ ከፍቶ ሊንኩን ግሩፑ ላይ ይለጥፍ። ይቺን ብቻ ለሁለት ሳምንት ብትይዙ ለውጡን ታዩታላችሁ።

ኢሹ ሲጻፍ ደግሞ ከላይ ያለውን የጋለሪ ነገር እንውሰድ። «ጋለሪው ይስተካከል» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። አዲስ ልጅ ቢያነበው ምኑን እንደሚያስተካክል አያውቅም፣ መቼ እንደጨረሰም አያውቅም። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «የዘጌ ጉዞ ፎቶዎችን ማቅለል። ገጹ ላይ 40 ፎቶ አለ፤ እያንዳንዱ ከስልክ እንደወጣ ወደ 5 ሜጋባይት ነው። የሁሉም ስፋት 1200 ፒክስል ይሁን፣ ወደ ዌብፒ (ቀለል ያለ የፎቶ ፎርማት) ይቀየር፣ አንዱ ከ150 ኪሎባይት አይብለጥ። ኢሜጅስ ፎልደር ውስጥ ዘጌ በሚለው ስር ታገኛቸዋለህ። አለቀ የሚባለው ገጹ በስልክ ዳታ ተከፍቶ 40ውም ሲታይ ነው።» አለቀ። አንድ ሰው በአንድ ማታ ይጨርሰዋል። ከአንድ ማታ በላይ የሚወስድ ከሆነ ቆርጣችሁ ሁለት ኢሹ አድርጉት። ተማሪ ናችሁ፣ ነገ ማታ አሳይመንት አለ፤ የዛሬው ማታ ሥራ ዛሬ ማታ ማለቅ አለበት።

እያንዳንዱ ኢሹ ላይ አንድ ስም ይሁን። ጊትሀብ ከአንድ በላይ ሰው መመደብ ይፈቅዳል። እናንተ ግን አትፍቀዱ። ሁለት ሰው ከተመደበ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ይህን በዓይኔ ደጋግሜ አይቻለሁ። መርዳት የፈለገ ኮሜንት ላይ ይጻፍ፣ ኃላፊው ግን አንድ ነው። ሥራውን የወሰደው ልጅ ካልቻለ ሳይሸማቀቅ ስሙን ያንሳ፤ ይህንን በግልጽ ፍቀዱላቸው። ብዙ ጊዜ ሥራ ታስሮ የሚቀረው «አልቻልኩም» ማለት ስለሚያሳፍር ነው።

ሌብል (ኢሹ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) አታብዙ። አንድ ክበብ አማከርኩ፣ 31 ሌብል ነበራቸው፤ ማንም አይጠቀምበትም። እናንተ አምስት ይበቃችኋል፦ ኮድ፣ ጽሑፍ፣ ዲዛይን፣ አስቸኳይ፣ ለጀማሪ። ከሁሉም በላይ የምትንከባከቡት የመጨረሻውን ይሁን። መስከረም ላይ ፍሬሽ ተማሪዎች ሲመጡ «ለጀማሪ» የሚል ሌብል ያለባቸው ቢያንስ አሥር ኢሹ ጠብቋቸው። የመጀመሪያው ሥራቸው የፊደል ስህተት ማረም ቢሆን እንኳ ስማቸው በሪፖው ታሪክ ውስጥ ይገባል፣ ያ ልጅ ይቆያል። ሥራ ያልተሰጠው ልጅ በሦስተኛው ስብሰባ አይመጣም።

ፕሮጀክትስ የሚባለውን ቦርድ ክፈቱ። ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ የሚሠራ፣ በእጅ ላይ፣ ያለቀ። «በእጅ ላይ» ውስጥ አንድ ሰው ከሁለት በላይ እንዳይዝ። እሑድ ከሰዓት 20 ደቂቃ ተገናኝታችሁ ቦርዱን ብቻ እዩ። የት ነው የተያዘው? ማን ሊረዳ ይችላል? በቃ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ ቡናችሁን ጠጡ።

የጊዜ ገደብ ላይ አንድ የእኛ አገር ጣጣ አለ። ጊትሀብ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። እናንተ «እስከ ታኅሣሥ 10» ስትሉ አንዱ ልጅ ዲሴምበር 10 ብሎ ይሞላዋል፣ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ማለት ነው። ስለዚህ ማይልስቶን (ኢሹዎችን በአንድ የጊዜ ገደብ ስር የሚሰበስብ) ስትከፍቱ የእኛን ቀን በርዕሱ ላይ ጻፉ፣ የፈረንጁን በቀን ሳጥኑ ውስጥ ሙሉ። ማይልስቶኖቹን ከጊቢ ካላንደር ጋር አስተሳስሩ፤ ከምዝገባ ሳምንት በፊት አንድ፣ ከእምቦጭ ዘመቻው በፊት አንድ፣ ከምርቃት በፊት አንድ። በሚድና በፋይናል ሰሞን ምንም አትመድቡ። የማይከበር ቀን ከመጻፍ ባዶ መተው ይሻላል።

ይኸው ጣጣ ዌብሳይቱ ላይም ይመጣል። የዝግጅት ቀን ወደ እኛ ካላንደር ስትቀይሩ ቀን በመደመር በመቀነስ የሚሠራ የራሳችሁን ኮድ አትጻፉ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። በየአራት ዓመቱ እንዲህ ነው። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ኢንትል የሚባለው ክፍል የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል፤ ካላንደሩን «ኢትዮፒክ» ብላችሁ ስትጠይቁት ራሱ ያወጣላችኋል። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «ቅዳሜ 3 ሰዓት» ብላችሁ ከጻፋችሁ «ጠዋት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ጨምሩ። የውጭ እንግዳ ከሰዓት 9 ላይ ጀልባ ጣቢያ ቆሞ እንዳይጠብቃችሁ።

ኮዱ ራሱ ላይ አንድ ጥበቃ አድርጉ። ሜይን የሚባለውን ብራንች (ዋናውን የኮድ ቅጂ) ቆልፉት። ማንም በቀጥታ ፑሽ አያድርግበት፣ ሁሉም በፑል ሪኩዌስት («ለውጤን ተቀበሉ» በሚል ጥያቄ) ይምጣ፣ አንድ ሰው አይቶ ያጽድቅ። ክፍት ሪፖ ላይ ይህ ነፃ ነው። ፑል ሪኩዌስቱ መግለጫ ውስጥ በእንግሊዝኛ «ክሎዝስ» ብላችሁ የኢሹውን ቁጥር ለምሳሌ #12 ብትጽፉ፣ ሥራው ሲቀላቀል ኢሹው ራሱ ይዘጋል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ቦርዱ ሁልጊዜ እውነቱን እንዲናገር የሚያደርገው እሱ ነው። የሚያይ ሰው ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ይመልስ። ሥራውን ጨርሶ ሳምንት መልስ ያጣ ልጅ ሁለተኛ አይሠራላችሁም።

ሁሉም ሰው ኮድ አይጽፍም፣ መጻፍም የለበትም። ከእናንተ መካከል ስለ ጣና አንብቦ የሚጽፍ ልጅ ይኖራል። እሱ ላፕቶፕ ባይኖረው እንኳ በስልኩ ብራውዘር ጊትሀብ ገብቶ ፋይሉን ከፍቶ እርሳሱን ተጭኖ ማረም ይችላል፤ ሲያስቀምጥ ፑል ሪኩዌስት ይሆናል። ለዚህ እንዲመች የአባላት ዝርዝርና የዝግጅት ዝርዝር ኮዱ መሃል አይቀበር፤ ለብቻው በአንድ የዳታ ፋይል ይቀመጥ። ጄኪል (ገጽ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም) ጊትሀብ ፔጅስ ውስጥ አብሮ ያለ ነው፣ ይህን በቀላሉ ያደርጋል።

የጽሑፍ ሥራ ኢሹ ላይ ደግሞ «ከየት ተገኘ?» የሚል ቦታ ይኑር። ለምሳሌ የጣናን ስፋት አንዱ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይላል፣ ሌላው 3,500 ይላል። ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ፤ ሐይቁ በክረምት ይሰፋል በበጋ ይሸሻል። ታዲያ ይህን ክርክር ቴሌግራም ላይ ካደረጋችሁት በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ተነስቶ ቁጥሩን ይቀይረዋል። ኢሹው ላይ ካደረጋችሁት ውሳኔውም ምክንያቱም ተጽፎ ይቀራል። ጣና በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ መመዝገቡንም ስትጽፉ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። የእኛን ገጾች የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ወደ ሆስቲንግ እንሂድ። መልሴ አጭር ነው፤ አትግዙ።

ዌብሳይታችሁ ምን አለው? ስለ ክበቡ፣ ዝግጅቶች፣ አባላት፣ ፎቶ፣ መመዝገቢያ። ይህ ሁሉ ቋሚ ገጽ ነው፤ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ፕሮግራምም ዳታቤዝም አይፈልግም። መመዝገቢያውን ጎግል ፎርም ይሠራዋል፤ ፎርሙ በክበቡ ኢሜይል ይከፈት እንጂ በአንዳችሁ የግል ኢሜይል አይሁን። አንዳንዶቻችሁ ዎርድፕረስ እንጫን ትሉ ይሆናል። ዎርድፕረስ ጥሩ ነው፣ ግን ፒኤችፒ ይፈልጋል፣ ዳታቤዝ ይፈልጋል፣ በየጊዜው ማደስ ይፈልጋል። ክረምት ሁለት ወር ስትበተኑ ማን ያድሰዋል? ያልታደሰ ዎርድፕረስ ይሰበራል። በዚያ ላይ የውጭ ሆስቲንግ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ካርዱን ያዋሰ ዘመድ በሚቀጥለው ዓመት ካልተገኘ ወደ መጀመሪያው ታሪኬ ተመለስን ማለት ነው።

ጊትሀብ ፔጅስ ነፃ ነው፣ ሪፖው ክፍት እስከሆነ ድረስ። ገደብ አለው፤ የሚታተመው ገጽ ጠቅላላ ከ1 ጊጋባይት አይበልጥም፣ በወር የሚተላለፈው ደግሞ 100 ጊጋባይት አካባቢ ነው። ይበቃል? እስቲ በዚያ ጋለሪ እናስላው። 40 ፎቶ በ5 ሜጋባይት 200 ሜጋባይት ነው። 500 ሰው ገጹን ከከፈተ 100 ጊጋባይቱ አለቀ። ፎቶዎቹ 150 ኪሎባይት ከሆኑ ግን ገጹ 6 ሜጋባይት ይሆናል፣ ከ16,000 ጊዜ በላይ ይከፈታል። ሆስቲንጉ ያው ነው፣ የተለወጠው ፎቶው ብቻ ነው። ከእናንተም በላይ የሚጠቀመው ፓኬጅ ገዝቶ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ገጻችሁን የሚከፍተው ሰው ነው። በአንድ ገጽ 200 ሜጋባይት መብላት እኮ ሰው ኪስ ውስጥ እጅ መክተት ነው!

ትልልቁን ፎቶ ሪፖው ውስጥ ከመጀመሪያውም አታስገቡ። አንዴ ኮሚት ከተደረገ (ታሪኩ ውስጥ ከተመዘገበ) በኋላ ብታጠፉትም ታሪኩ ውስጥ ይኖራል፣ ሪፖውን ክሎን የሚያደርግ ሁሉ ያወርደዋል። ጊትሀብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ጭራሽ አይቀበልም። ቪዲዮ ካላችሁ ዩቲዩብ ላይ ጭናችሁ ሊንኩን አስገቡ።

ከጊትሀብ ፔጅስ ሌላ ክላውድፍሌር ፔጅስን ማየት ትችላላችሁ። ነፃው በወር 500 ጊዜ ገጹን መገንባት ይፈቅዳል፣ አንድ ፋይል ከ25 ሜጋባይት አይበልጥም። የምወድለት ነገር፣ ለእያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት የራሱ ጊዜያዊ አድራሻ ያወጣል። የሚያጸድቀው ልጅ ኮዱን ሳያወርድ በስልኩ ከፍቶ ያየዋል። ላፕቶፕ ለሌላቸው አባላት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ተጨማሪ አካውንት፣ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ማለት ነው። እኔ የዘንድሮውን ዓመት በጊትሀብ ፔጅስ ብቻ ጨርሱት እላለሁ።

ስለ ዶሜይን ከመግዛታችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲያችሁን አይሲቲ ክፍል ጠይቁ። በዩኒቨርሲቲው አድራሻ ስር ለክበባችሁ ንዑስ ዶሜይን እንዲሰጣችሁ በአማካሪ መምህሩ በኩል ደብዳቤ አስገቡ። ከእነሱ የምትፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሲኔም የሚባል አንድ መስመር ወደ ጊትሀብ አድራሻችሁ እንዲያመለክት። ሰርቨር አትጠይቋቸው፣ ቦታ አትጠይቋቸው። ደብዳቤው ላይ ይህንን በግልጽ ብትጽፉ የመፈቀድ ዕድሉ ይሰፋል፤ ብዙ ጊዜ እምቢ የሚሉት ሰርቨር የምትጠይቁ ስለሚመስላቸው ነው። ኤችቲቲፒኤሱን (ገጹ በተመሰጠረ መንገድ እንዲከፈት የሚያደርገውን) ጊትሀብ ራሱ በነፃ ያወጣል፣ ያድሳል። የራሳችን ዶሜይን ይሁን ካላችሁም በኢትዮ ቴሌኮም ስር ያለው የነጥብ ኢቲ አለ። ያኔ ምዝገባው በክበቡ ስም፣ ማሳሰቢያው በክበቡ ኢሜይል ይሁን።

የፋይል ስም ላይ አንድ ምክር። ገጹ በአማርኛ ይሁን፣ ያምራል፤ የፋይሎቹ ስም ግን በላቲን ፊደል ይሁን። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ደንብ) ሦስት ባይት ነው፣ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ጣና» የሚለው ሁለት ፊደል 18 ምልክት ሆኖ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፤ የሚያየው ሰው ቫይረስ መስሎት አይነካውም። ሌላው ደግሞ የስም አጻጻፍ ነው። «ባሕር ዳር» ወይስ «ባህር ዳር»? አንዱን ምረጡና ሪድሚ (የሪፖው መግቢያ ጽሑፍ) ላይ ጻፉት፤ ካልሆነ ገጹ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ግማሹን አያገኝም።

ኔት ሲጠፋ፣ መብራት ሲሄድ ሥራ አይቁም። የጊት ትልቁ ጥቅም ለእኛ እዚህ ላይ ነው። ኮሚት ለማድረግ ኔት አያስፈልግም፤ ዶርም ውስጥ ሆናችሁ ትሠራላችሁ፣ ኔት ሲመጣ ፑሽ ታደርጋላችሁ። ጭራሽ ለቀናት ከጠፋም «ጊት ባንድል» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሪፖውን ከነታሪኩ አንድ ፋይል ያደርገዋል። በፍላሽ ለጓደኛችሁ ትሰጣላችሁ፣ እሱ ከፋይሉ ላይ ልክ ከጊትሀብ እንደሚወስደው ይወስዳል። ሁለት ልጆች በዚህ መንገድ ፍላሽ ብቻ እየተቀባበሉ አንድ ሙሉ ገጽ ሲጨርሱ አይቻለሁ፣ አንድም መስመር አልጠፋባቸውም። ኢሹዎቹን ግን ኔት ሳይኖር አታዩዋቸውም፤ የሳምንቱን ዝርዝር ስክሪንሾት አንስታችሁ ያዙ።

ሪፖው ክፍት ስለሆነ ምን እንደማይገባበት ቁርጥ አድርጋችሁ ወስኑ። የአባላት ስልክ ቁጥር አይገባም። የምዝገባ ዝርዝር አይገባም። የቴሌግራም ቦት (ራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም) ካላችሁ ቶክኑ፣ ማለትም ምስጢራዊ ቁልፉ፣ አይገባም። ተሳስቶ ከገባ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፣ ታሪኩ ውስጥ አለና። ቶክኑን ወዲያው በቦትፋዘር (ቴሌግራም ቦቶችን በሚያስተዳድሩበት) በኩል ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ። ስልክ ቁጥር ግን መሰረዝ አይቻልም፤ የሰው ነው። ለዚህ ነው በተለይ የሴት ልጆችን ስልክ በዝርዝር የያዘ ፋይል አይቼ ሌሊት ተነስቼ ለክበቡ ሰብሳቢ የደወልኩት።

ሁሉም ባለቤቶች የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በአፕ ይክፈቱ። የሚሰጣቸውን የመጠባበቂያ ኮዶች እስክሪን ላይ አይተው አይለፉ። ወረቀት ላይ ይጻፉት፣ በፖስታ ታሽጎ አማካሪው ጋ ይቀመጥ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ከጀልባ ላይ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ርክክቡን በግንቦት አድርጉት። በሰኔ ጂሲዎቹ ልባቸው ሱፍ ላይና ፎቶ ላይ ነው። በሪፖው ውስጥ «ርክክብ» የሚል አንድ ገጽ ይኑር፦ ባለቤቶቹ እነማን ናቸው፣ የክበቡ ኢሜይል የት ይከፈታል፣ ዶሜይኑ መቼ ይታደሳል፣ ገጹ እንዴት ይታተማል። ከዚያ ፈትኑት። ዌብሳይቱን ነክታ የማታውቅ አንዲት ፍሬሽ አስቀምጡ፣ ሪድሚውን ብቻ ስጧት፣ አጠገቧ ሆናችሁ ዝም በሉ። በአንድ ማታ አንዲት ቃል ቀይራ ገጹ ላይ እንዲታይ ካደረገች ተረካክባችኋል። የተደናቀፈችበትን ቦታ ሁሉ ኢሹ ክፈቱለት።

ይህ ሁሉ ባንዴ አይደረግም። ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፤ ለተመረቀው ልጅ ደውሉ። መውቀስ የለም። ዌብሳይቱን መጀመሪያ የሠራው እሱ ነውና አመስግኑት፣ ስሙም ሪድሚው ላይ እንደሚቆይ ንገሩት። እሺ ሲላችሁ ግን «ትራንስፈር» ከመጫኑ በፊት የድሮውን አድራሻ የለጠፋችሁበትን ቦታ ሁሉ ዘርዝራችሁ ጻፉ። የቴሌግራም ቻናሉ መግለጫ፣ የፌስቡክ ገጹ፣ ለስፖንሰር የላካችሁት ደብዳቤ። ለእምቦጭ ዘመቻው ያሳተማችሁት ባነር ላይ ኪውአር ኮድ ካለ እሱም ይቆጠራል፤ አዲስ እስኪታተም ድረስ በላዩ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ወረቀት አዘጋጁ።